ጫማ መስቀል የተከለከለው ሎርን

ሎርን ካሲዩክ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነበር። ጎል አያገባም፤ ግን በእሱ በኩል ያለፈ ሁሉ ጎድኑን እያሻሸ ነው የሚያልፈው። የትውልድ ከተማው የቲሚንስ ሰው በዚህ ይኮራበታል፤ የወርቅ ቆፋሪው የፓውሎ ልጅ ነዋ!

ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላው ክለቡ የአሥራ ሁለት ዓመት ውል አስፈረመው። ሊጉ ግን ተቃወመ። ክፍያው መጀመሪያ ላይ ተቆልሎ መጨረሻው ላይ የሳሳው፣ የዓመቱ አማካይ ዝቅ ብሎ ሊጉ ለየክለቡ ከወሰነው የደመወዝ ጣሪያ ሥር እንዲሾልክ ነው ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ በጋውን ሙሉ ቆየና ክለቡ ረታ።

ፓውሎ በደስታ ሳቁ። "እስከ አርባ ዓመትህ? እኔን ከመሬት በታች እንኳ እንዲህ አድርገው አልቀበሩኝም!"

ሊጉ ቂሙን አልረሳም። በእንዲህ ያለ ውል የተያዘ ተጫዋች ቀድሞ ጨዋታ ካቆመ ክለቡ እንዲቀጣ ደንብ አወጣ። ሎርን ያኔ ነገሬ አላለውም።

በአምስተኛው ዓመት አንድ አጥቂ ከኋላው ገፍትሮ ጭንቅላቱን ከሜዳው አጥር ጋር አላተመው። ከዚያ ወዲያ ብርሃን ጠላቱ ሆነ። ሚስቱ ዳርሊን መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። ሐኪሙም፣ "ሁለተኛ እንዳትጫወት" አለው።

ሎርን ወኪሉ ፔሪ ጋ ደወለ። "በቃኝ፣ ጫማዬን ልስቀል።"

"እንዳታደርገው! አቆምኩ ካልክ ክለቡ ይቀጣል፣ አንተም ቀሪውን ታጣለህ። ዝም ብለህ ታምሜያለሁ በል።"

"ታምሜያለሁ እኮ!"

"ታዲያ ምን ቸገረህ?"

ልጆቹን አሰበና እንደተባለው አደረገ። ክለቡም ቆይቶ ውሉን በደቡብ ላለ ሩቅ ቡድን አስተላለፈው። ያ ቡድን የሚፈልገው ሰውየውን ሳይሆን ስሙን ነው፤ ሊጉ እያንዳንዱ ክለብ እንዲያወጣ ያዘዘውን ዝቅተኛ የደመወዝ ወጪ እንዲሞላለት። ሎርን የማን ተጫዋች እንደሆነ የሰማው መኪና ውስጥ፣ ከሬዲዮ ነው። ከተማዋን ረግጧት አያውቅም።

ቡና ቤት ሲገባ ደግሞ የአባቱ የሥራ ባልደረቦች አይምሩትም። "ሎርን፣ ዛሬስ የቱ ጋ ነው የሚያምህ? ኪስህ ጋ ነው?" ይስቃሉ። እነሱ ሲጎዱ ተባረዋል፤ ምን ብሎ ይመልስላቸው? ቀስ በቀስ መግባቱን ተወ።

የፓውሎ ሳንባ በማዕድን አቧራ አልቆ ነበር። አንድ ቀን እያሳላቸው፣ "እኛ እንኳ ከማዕድኑ ስንወጣ ጓዶቻችን ተሰልፈው ጨብጠውናል። አንተን መቼ ነው የሚሸኙህ?" አሉት።

"ውሉ ሲያልቅ፣ አባዬ።"

"እኔ ቀድሜው አልቅ ይሆናላ።"

ሎርን የድሮ ክለቡን ለመነ። አንድ ምሽት ብቻ፤ ከአባቱ ጋር በረዶው ላይ ቆሞ ሕዝቡን ይሰናበት። የክለቡ ጠበቃ በትሕትና እንዲህ አሉት፦ "ከሸኘንህ ማቆምህን በራሳችን አፍ መሰከርን ማለት ነው፤ ውሉን ያስፈረምነው እኛ ስለሆንን ቅጣቱ እኛው ላይ ይወድቃል። ይቅርታ።"

ፓውሎ በሞቱበት ሳምንት አእምሯቸው መለስ ቀለስ ይል ነበር። "አሁን የማን ነህ?" ሲሉ ጠየቁት። ሎርን የደቡቧን ከተማ ስም ነገራቸው።

"እዚያ በረዶ አለ እንዴ?"

"ውጭ የለም፣ አባዬ። ሙቀት ነው።"

"ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?"

የአባቱን እጅ ይዞ ቁጭ አለ። የከተማቸው ሐይቅ በረዶ ሳይቀልጥ ቀበሯቸው።

ውሉ ያለቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፔሪ ደወለ። "እንኳን ደስ አለህ፣ ነፃ ነህ! የድሮ ክለብህም አሁን ሊሸኝህ ይፈልጋል። ትልቅ ዝግጅት፣ ቤተሰብህን ሁሉ ይዘህ..."

"ማን ሊያይልኝ?" አለና ሎርን ስልኩን ዘጋው።

ዳርሊን ከጓሮ ስትገባ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ድንች የጣደችበት ድስት ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋው ሰማች። አልተነሳችም።