ለሁለት የተቆረጠው የኬሚስትሪ መጽሐፍ

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል ከበቅሎ ጋጣ የሚነሳው፣ አፍንጫ ሰርስሮ ዓይን የሚያስነባው ሽታ ዛሬም በሮቤ ዳርቻ ሳልፍ አልፎ አልፎ ያገኘኛል፤ ባገኘኝ ቁጥርም ወደ አሥራ ስድስት ዓመቴ ይመልሰኛል። አባቴ ከሃረና የጫካ ቡና በበቅሎ እያመጡ ሮቤና ጎባ ገበያ ይሸጡ ስለነበር፣ አራት በቅሎዎች ከቤታችን ጀርባ ያድሩ ነበር። እናቴ ሽታውን ስታማርር እኛ ልጆቹ ግን ለምደነው፣ ከነመኖሩም ረስተነው ነበር።

አሥረኛ ክፍልን የተማርኩት ጎባ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። በዚያ ዓመት የኬሚስትሪ አስተማሪያችን በጥር ታመው ሄደው ሳይመለሱ ቀሩና መጽሐፉን ሳናጋምስ ሰኔ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሚስተር ቫርጊስ የሚባሉ ህንዳዊ አስተማሪ ክፍላችን ገብተው፣ በአሥራ አንደኛ ክፍል ከፍተኛውን ኬሚስትሪ መማር የሚፈልግ ሁሉ መስከረም ላይ እንደሚፈተን፣ የወደቀ ግን ከሳይንስ ክፍል እንደሚወጣ ነገሩን። እኔ ደግሞ መድኃኒት ቀማሚ መሆን እመኝ ነበር፤ ያለ ኬሚስትሪ ምኞቴ እዚያው ማለቁ ነው።

በክፍሉ ሴቶቹ እኔና አልማዝ ብቻ ነበርን። አልማዝ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ስትሆን መጽሐፉም የእሷ ነበር። ክረምቱን እሷ ጎባ፣ እኔ ሮቤ ልንከርም ስለሆነ እንዴት እንደምንካፈለው ጨንቆን ሳለ፣ አባቷ ምላጭ አንስተው መጽሐፉን ከጥራዙ ለሁለት ቆረጡትና አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ ሰጡን። አልማዝ አለቀሰች።

«ዝም በይ፣ ስትጨርሱ እኔው እሰፋዋለሁ» አሏት።

ክረምቱን ሙሉ አባቴ ጎባ ገበያ በሄዱ ቁጥር የጨረስኩትን ግማሽ ለአልማዝ ሰጥተው የእሷን ይዘውልኝ ይመለሱ ነበር። በሐምሌ አንድ ቀን መንገድ ላይ በረዶ ያዛቸውና ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው፣ ያለ ጋቢ እየተንቀጠቀጡ ገቡ። ጋቢውን ለካ መጽሐፉን ጠቅልለውበት፣ በላዩም ቁርበት አልብሰውት ኖሯል።

«አባ፣ በብርድ ሊሞቱ ነው እኮ!» አልኳቸው።

«እኔስ እሳት ዳር ተቀምጬ እደርቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወረቀቱ ቢርስ ግን የሰው አደራ ነው፣ ምን እላለሁ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ያልገባኝን ገጽ ዘልዬ ማለፍ አሳፈረኝ።

መስከረም ጠባ። የጽሑፉን ፈተና እንደምንም ከተወጣሁ በኋላ ሚስተር ቫርጊስ በየተራ ወደ ፊት እየጠሩ፣ ስም ያልተጻፈበት የተለያየ ጠርሙስ ከፍተው እያስሸተቱን ምንነቱን ይጠይቁን ጀመር። ተራዬ ደርሶ ሳሸተው ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ስሙ ግን ጠፋኝ። ዝም ከምል ብዬ፣ «የበቅሎዎቻችን ጋጣ ይሸታል» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ብቻ አልሳቁም።

«ትክክል ነው። ታዲያ ጋጣችሁ ውስጥ ያለው ጋዝ ምን ይባላል?»

ይህን ጊዜ ገጹ ፊቴ ድቅን አለ። «አሞኒያ!» ብዬ ጮህኩ። ከምን ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁኝ ቀጥዬ ዘረገፍኩላቸው፣ እሳቸውም ስሜን ከሳይንሱ ዝርዝር ውስጥ ሲጽፉ በዓይኔ አየሁ። አልማዝም አለፈች።

መግባት ግን ሌላ፣ መዝለቅ ሌላ ሆነና በጥቅምት የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ። ሞል የሚባለው ነገር ጨርሶ አልገባ ብሎኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ሳለቅስ አልማዝ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባትሽ ቡናውን ፍሬ በፍሬ እየቆጠሩ ነው የሚሸጡት?»

«አይ፣ በጣሳ እየሰፈሩ ነው።»

«በቃ፣ ሞልም ጣሳ ነው። አተሙም እንደ ቡናው ፍሬ ለቆጠራ ቢያስቸግር በጣሳ ሰፈሩት።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። በበጋው ወራት ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲዱን ጠብ፣ ጠብ እያደረግን የፈሳሹ ቀለም ሲለወጥ ለማየት ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ ከፈተና ይልቅ ነገሩ ራሱ ይመስጠኝ ጀመር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሚስተር ቫርጊስ ቤተ ሙከራውን ለታናናሾቻችን እንድናሳይ እኔንና አልማዝን ይመድቡን ነበር።

የማትሪክ ውጤት የመጣው ክረምት ላይ ነው። ሁለታችንም በኬሚስትሪ ኤ አገኘን። አልማዝ ሮጣ አቀፈችኝ፤ እኔም ሮቤ እስክደርስ ወረቀቱን ከእጄ አላወጣሁትም። አባቴ አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

«ይሄ የፈታኞችሽ ነው። ያንቺስ? ምን ተማርሽ?»

ውኃ ከሁለት ዓይነት አየር እንደተሠራ ነገርኳቸው። «ወላሂ?» ብለው ፊቴን ሲመረምሩ ቆዩና ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ የመስጊድ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ «እሳቱስ? ጨዉስ? የላም ወተትስ ለምን ይረጋል?» እያሉ ሲጠይቁኝ፣ የማውቀውን ስመልስ፣ የማላውቀውንም አላውቅም ስል መሸ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን መድኃኒት ቀምሜ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ በኬሚስትሪ ከክፍሏ አንደኛ ወጣችና ቤተሰቡ በየስልኩ እንኳን ደስ አለሽ አላት፤ እኔም አልኩ። ማታ ላይ ግን ምን እንደተማረች ማንም እንዳልጠየቃት ትዝ አለኝና ወንበሬን ወደ እሷ አስጠግቼ ጠየቅኋት። መጀመሪያ አፈረች። ኋላ ስልኳን አስቀምጣ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች። አብዛኛውን አውቀው ነበር፤ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ እስክትጨርስ አዳመጥኳት።