የእናቴ ትከሻና አምስተኛው ገመድ

ዛሬ ሐኪሟ «ትከሻሽ ደርቋል፤ በየቀኑ ቀስ እያልሽ ካላንቀሳቀስሽው አይለቅም» ስትለኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሴትዮዋ ደነገጠች።

እናቴ ትዝ ብላኝ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከጎንደር እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ በገባን በዓመቱ፣ የእሷም ትከሻ እንዲሁ ደርቆ ነበር።

የአሚሻቭ ሰፈር ጎረቤቶቻችን፣ የአገራችን ሴቶች፣ «እኛ እያለን!» ብለው ልብሷን አጠቡ፣ አሰጡ፣ ጸጉሯን ሳይቀር ሠሩላት። ክንዷ ዐርፎ ዐርፎ ጭራሽ እንጨት ሆነ። (ስንወድ እንዲህ ነን!)

የክሊኒኩ ሐኪም «መጥታችሁ አጫውቷት፤ ሥራዋን ግን አትንኩባት» አላቸው።

ከመስኮታችን ውጭ ከቅርብ ወደ ሩቅ የተዘረጉ አምስት የልብስ ማስጫ ገመዶች ነበሩ። እናቴ ስንት ወር ሙሉ ከመጀመሪያው አላለፈችም። ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ማየት ጭንቅ ሆነባቸው።

አንድ ቀን ግን ተንጠራርታ ነጠላዋን አምስተኛው ገመድ ላይ ጣል አደረገችው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ!

የፊት ለፊቷ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብላ «ማዘል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ማን አገባ?» አለች።

«ማንም አላገባም! ልብስ አስጥታ ነው!» አሏት ሴቶቹ።

ዛሬ ቤት ገብቼ የታጠበ ልብስ ላሰጣ ስል ልጄ ቅርጫቱን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። «ያላ፣ በይ ዞር በይልኝ!» አልኋት።

እናንተስ ቤት በደግነት የባሰ ሕመም አለ? ጻፉልኝ። እኔ ገና ሁለተኛው ገመድ ላይ ነኝ።