ጭራው ላይ የደረብኩት ቀለም

ዓምና ጥቅምት ላይ የደረሰብኝ ነው። መኪና ስቀባ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሥራ ግን እንደዚያች አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ያስጨነቀኝም ያስተማረኝም የለም።

የምሠራው ካራ አካባቢ ባለች ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ የተጨረማመተውን ቆርቆሮ ያቃናል፣ እኔ እቀባለሁ። አንድ ጠዋት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰውዬ መጡና፣

«በመርጫ መቀባት ታስተምረኛለህ?» አሉኝ።

«ምንድን ነው የሚቀቡት?»

«አውሮፕላን።»

የሚቀልዱብኝ መሰለኝ። ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ የለም።

ስማቸው ጋሽ ማቴዎስ ነው። የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንጨት ሥራ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ተከትያቸው ግቢያቸው ስገባ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እውነትም አውሮፕላን ቆሟል። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ አጥንቱ እንጨት፣ ቆዳው ጨርቅ። ጨርቁን በሙጫ ለጥፈው በካውያ ሙቀት አኮማትረው ወጥረውታል፤ በጣቴ መታ ሳደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ዙሪያውን ዞርኩት። አንድ የተንጋደደ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ለምን እኔው አልቀባልዎትም? ምንም አልፈልግም» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን እላዩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የተቀባውን በእጄ ማወቅ አለብኝ።»

ስለዚህ ማስተማር ጀመርኩ። ለመርጫው አየር የሚገፋውን ኮምፕረሰሬን ወስጄ ግቢያቸው አስቀመጥኩ፣ እሳቸውም የግቢውን ቁልፍ ሰጡኝ። ዙሪያውን በላስቲክ ጋረድን። እዚያ ሰፈር ረፋድ ላይ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ይነሳል፤ አቧራውንና የባሕር ዛፉን ቅጠል እያመጣ እርጥብ ቀለም ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ከማለዳ ጀምረን ነፋሱ ሳይነሳ እንጨርሳለን። መጀመሪያ አሮጌ በር ላይ አለማመድኳቸው። እጃቸው ይቸኩል ነበር፤ ቀለሙ ይንጠባጠባል። በሳምንቱ ግን እጃቸው ረጋ። በሦስተኛው ሳምንት ስስ አድርጎ መቀባት ላይ እኔን በለጡኝ።

እያንዳንዱን ክፍል ከመቀባታቸው በፊትና ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በሱቅ ሚዛን እየመዘኑ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው ብዬ አለፍኩት።

እኔን ያላስደሰተኝ የቀለሙ መሳሳት ነው። እኔ የለመድኩት ፊት የሚያሳይ ቀለም ነው። የእሳቸው ቀይ ግን በቅርብ ሲታይ የጨርቁ ክር ከሥሩ ይታያል።

«አንድ እጅ ብንደርብበትስ?» እላቸዋለሁ።

«ይበቃል» ይላሉ፣ በቃ።

አንድ እሁድ ኮምፕረሰሬ ለጋራዥ ሥራ አስፈለገኝና ልወስደው ሄድኩ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ ቸርች ነበሩ። ከጭራው ላይ ከፍና ዝቅ እያለ አውሮፕላኑን ሽቅብና ቁልቁል የሚመራው ክፍል ተመዝኖ አልቆ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳየው አፈርኩ። አስተማሪያቸው እኔ መሆኔን ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ደግሞም ባስደስታቸው ብዬ አሰብኩ። መርጫውን ሞላሁና ሁለት እጅ፣ ወፈር አድርጌ ደረብኩበት። እንደ መስታወት አበራ።

ሰኞ ዕለት ኮምፕረሰሩን መልሼ ሳመጣ ጋሽ ማቴዎስ የጭራውን ክፍል አዩትና ቆሙ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያበራው?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ሳለ፣ ሌላ ነገር ወጣኝ። «በፖሊሽ አሸሁት» አልኩ።

«ጎበዝ!» አሉና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ረቡዕ ዕለት ያንን ክፍል ቦታው ላይ እየገጠምን ሳለ እትዬ ብርሃኔ ሻይ ይዘው መጡ። ሚዛኑን አይተው ሳቁ።

«ቆይ፣ እንደ ስኳር እየመዘንክ ምን ልታደርገው ነው?»

ጋሽ ማቴዎስ መፍቻውን እንደያዙ በእርጋታ አስረዷቸው። «ሌላው ትንሽ ቢከብድ ግድ የለም። ይሄ ግን ከማጠፊያው በስተኋላ ከከበደ፣ ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ጭራውን ገንጥሎት ይሄዳል። ለዚህ ነው በስስ የቀባሁት።»

እጄ ላይ የነበረው ብሎን ወደቀ። አንስቼ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። መጣሁ ብዬ ከግቢው ወጣሁ። ሽቅቡን ትንሽ ከሄድኩ በኋላ አንድ አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። በልቤ ብዙ ነገር አወጣሁ አወረድኩ። ትንሽ ቀለም ምን ያመጣል? ደግሞ የሚበርስ መቼ ነው? ማን ያውቃል? ከዚያ እትዬ ብርሃኔ ሻይ ይዘው ሲስቁ ታዩኝ። ተነስቼ ተመለስኩ።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ፖሊሽ አይደለም» አልኩ። «ቀለም ደርቤበታለሁ። እሁድ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት እጅ?»

«ሁለት።»

«ወፍራም?»

«ወፍራም።»

 ብሎኑን ፈቱ፣ ክፍሉን ሚዛን ላይ አስቀመጡት፣ ደብተራቸውን ገለጡ። የጨመርኩት ክብደት ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበልጥም። እሳቸው ግን ጩቤያቸውን አወጡና ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ቀደዱት።

«ኧረ በእናትዎ! በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጌ አነሳዋለሁ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ጨርቅ ነው እኮ፣ ቆርቆሮ አይደለም። ከተፋቀ ይሳሳል።» ጩቤውን መሬት ላይ ጣሉት። መናደዳቸውን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ዛሬ ሂድልኝ» አሉ።

ሄድኩ። ኮምፕረሰሬን እንኳ አልያዝኩም። ከእንግዲህ ዓይናቸውንም አላይ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በማግስቱ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። «የት ቀረህ?» አሉኝ ጋሽ ማቴዎስ። «ጨርቁን የሚወጥርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

አዲስ ጨርቅ ቆረጥን፣ አጥንቱ ላይ ለጠፍን፣ በካውያ ወጠርን። የመቀባቱ ቀን ሲደርስ ልማዴ ስለሆነ ወደ ኋላ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን መርጫውን አንስተው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ቀባው።»

«እኔ? እርስዎ እኮ በእጄ ካላወቅኩት ብለው ነበር።»

«ዛሬ ይህችን ክፍል ካንተ የበለጠ የሚፈራት ሰው የለም» አሉ። «ቀባው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የቀባሁት ነገር የለም። ሲደርቅ መዘኑት፤ ደብተራቸውን አዩና እሺ በሚል አንገታቸውን ነቀነቁ። ክሩ ከሥሩ ይታይ ነበር። አላፈርኩበትም።

ማብረር ተምረው የበረራ ፈቃድ እስኪያገኙ ወራት ወሰደባቸው። በበጋው መጨረሻ ከከተማ ውጭ ወደሚገኝ ሜዳ በጭነት መኪና ወሰድነው። ሞተሩ ተነሳ፣ ሜዳውን እየዘለለ ሮጠ፣ ከዚያ መንኮራኩሮቹ ከመሬት ለቀቁ። እትዬ ብርሃኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ማቴዎስን ነበር የሚያየው፤ እኔ ከጭራው ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። አንድ ጊዜ ሰፋ አድርገው ዞሩና በሰላም አረፉ። ሲወርዱ ደግፌ አቆምኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ስሳሳት መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ። የጮኹብኝ አሉ፤ ተቀይመው የቀሩም አሉ። ቢሆንም እንቅልፌን እተኛለሁ።

ሰፈር ውስጥ ስማቸው ሲነሳ «አውሮፕላን የሠሩት ሰውዬ» ይሏቸዋል። እኔም በዚያ አደንቃቸዋለሁ። ግን አውሮፕላን መሥራት እንጨትና ትዕግሥት ያለው ሰው ምናልባት ይችለው ይሆናል። የዋሸኋቸውን እኔን በማግስቱ ጠርተው፣ ሕይወታቸውን የሚይዘውን ሥራ በእጄ መስጠታቸውን ግን፣ እኔ ብሆን አደርገው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ እስከ ዛሬ አዎ ለማለት አልደፈርኩም።