ከኒሯቅ ቁልቁለት የተነሳው የባሕር ድንጋይ

የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሰቆጣ መጥቶ እኛ ቤት ሲያርፍ፣ ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው መዶሻ ነበር። ለዓመታት ድምፁን ያላሰማን ዘመድ ነው። ባለቤቴ በደስታ የሚያደርገውን አጣ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከመዶሻው ላይ መንቀል አልቻልኩም። መዶሻ ይዞ ተራራ ለተራራ የሚዞር እንግዳ ወርቅ ፈላጊ ነው ይባላል እኛ ዘንድ።

ሥራውን ጠየቅሁት። ጃፓን ውስጥ፣ ክረምቱ በረዶ በሚያወርድበት ዳርቻ፣ ባሕር ውስጥ የሚያድግ ኮራል እንደሚያጠና ነገረኝ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ኮራል ማለት ደቃቅ የባሕር እንስሳት እየተደራረቡ የሚገነቡት አለት እንደሆነና በሞቃት ባሕር ብቻ እንደሚኖር በየዓመቱ አስተምራለሁ። ስለዚህ ውሸቱን የያዝኩት መሰለኝ።

«ብርድ ውስጥማ ይሞታል» አልኩት።

«ብዙው ይሞታል። እኔ የማጠናው የሚተርፈውን ጥቂቱን ነው።»

መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ቀድሞ ያዘጋጀው መሰለኝ።

ከሰቆጣ ወጣ ብላ ቆላ ላይ ባለችው በኒሯቅ አቅራቢያ ያለውን የኖራ ድንጋይ ማየት እፈልጋለሁ ሲል፣ አብሬው ልሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ደግነት አድርጎ ወሰደው፤ እኔ ግን የሚያደርገውን ልከታተል ነበር የሄድኩት። ቆላው ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። እሱ ቁልቁለቱ ላይ ተንበርክኮ ድንጋዮቹ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ይመረምራል፤ ቀና ሲል ደግሞ ሸንተረሩን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ሸንተረሩን ለምን እንደሚያነሳ አልነገረኝም።

ብዙም ሳንቆይ የአጥቢያው ቄስ ከጥቂት ገበሬዎች ጋር መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድንጋይ የምንፈነቅለው ከእርሳቸው ማሳ አናት ነው። እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«ዘመዳችን ነው አባ። ሥራውን ግን በዓይኔ አላየሁትም።»

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። አንድ ድንጋይ ለሁለት ከፈለና አርጥቦ ሰጣቸው። ውስጡ እንደ ከዋክብት የተቀረጸ ቅርጽ ሞልቶታል። ቄሱ በጣታቸው ዳሰሱት። ይህ አገር በጥንት ዘመን ባሕር እንደነበረ፣ ከዋክብቱም ኮራል እንደነበሩ አስረዳቸው።

«ውኃ ምድርን ሁሉ እንደሸፈነ እኛም እናነባለን» አሉት። «የምጠይቅህ አንተ ለምን እንደመጣህ ነው።»

እሱ የሚጠልቅበት ባሕር ለኮራል የመጨረሻው ዳርቻ እንደሆነ ነገራቸው። ውኃው ሲበርድ እድገቱ ይዘገያል፤ የከፋ ክረምት ሲመጣ ነጥቶ ይሞታል። የዚህኛውም ኮራል ምቾቱና ችግሩ እንደ ዛፍ የዕድሜ ቀለበት ድንጋዩ ውስጥ ተጽፎ ቀርቷልና ከዚያኛው ጋር ሊያስተያየው ይፈልጋል። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ ከተከፈለው ድንጋይ ግማሹን መለሱለት፤ ግማሹን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ።

«ይህ እኛ ዘንድ ይቆይ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ ነገር ቢነግረን ምን ይዘን እንከራከራለን?»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስልኩን ሰጠኝ። «ሥራዬን አላየሁም አልሽ፤ እዪው» አለኝ። በቪዲዮው ላይ ወፍራም የጎማ ልብስ ለብሶ ሲጠልቅ፣ ከውኃው ወጥቶ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አየሁ። ኮራሉ መማሪያ መጽሐፋችን ላይ እንዳለው አያምርም፤ ቡናማ ነው፣ አለቱን በየቦታው እንደ እከክ ይዞታል። ሊያታልለኝ የፈለገ ሰው የሚያምረውን ያሳየኝ ነበር። እዚያ ላይ ነው ልቤ የተረታው። ሸንተረሩንም ስለምን እንዳነሳ ያን ጊዜ ጠየቅሁት፤ ድንጋዩ የተገኘበትን ቦታ ለማስታወስ ነው አለኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ገበሬዎቹ ቁልቁለቱን መቆፈራቸውን ሰማሁ። ለፈተና ሥራ ኒሯቅ በሄድኩበት ጊዜ ጎራ አልኩ። ቄሱ አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር ኮከብ ያለበት ድንጋይ ተቆልሏል። ወርቅ ተገኘ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም የለም» አሉኝ። «ዘመድሽን አመንኩት ማለት ግን አይደለም።»