የማኪናዋ ነውር

ባሌ የሰሊጥ ነጋዴ ነበር። ሳንጃ ወርዶ ይገዛል፣ በበቅሎ አስጭኖ ጎንደር ያወጣል። ንግዱ ደኅና ነበር፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ቆላ ማደሩ ነው። ደጋ ያደገ ገላ የቆላን ወባ አይችልም። አምና እዚያ አድሮ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ጋቢ በጋቢ ላይ ብደርብለትም መንቀጥቀጡ አልለቀው አለ፤ የነፍስ አባታችንን እስከ ማስጠራት ደረስሁ። ዳነልኝ። ሁለተኛ ከያዘው ግን እንደማይተርፍልኝ ልቤ ነግሮኛል።

ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ እዚሁ ጎንደር አራዳ ጋራዥ ከፍቶ የቀረ አንድ ጣሊያን፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነች ትንሽ የጭነት ማኪና እንደሚሸጥ ስሰማ፣ እንግዛት አልሁ። ጧት ሄዶ ማታ ቤቱ ይገባል። ለእኔ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ባሌ ግን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ክረምት መንገዱ ሲጨቀይ ማኪና ቆማ ትከርማለች፣ በቅሎ ግን ትሄዳለች። በቅሎ ሣር ይበቃታል፣ ማኪና ቤንዚን ካልጠጣች ወይ ፍንክች። ደግሞም ማኪና ያለው ሰው የአገር አጋሰስ ነው፤ ሙሽራውም በሽተኛውም ሬሳውም በእሱ ላይ ነው የሚጫነው። እኔም አፌን አልዘጋሁም። ክረምት ምን ሰሊጥ አለና ነው፣ ሙሽራ ማድረስስ ምርቃት አይደለም ወይ አልሁት። ምርቃት ቤንዚን አይሆንም አለኝ። በዚህስ ረታኝ።

በመጨረሻ አብረን ልናያት ሄድን። እንደ በቅሎ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ጣሊያኑን ዋስ ጥራ አለው። በእኛ አገር በቅሎ የሚሸጥ ሰው በዋስ ፊት ነውሯን ይናገራል፤ ትራገጣለች፣ ትደነብራለች፣ ወንዝ ትፈራለች ይላል። የደበቀው ነውር ኋላ ከተገኘ በቅሎዋ ትመለስለታለች። ጣሊያኑ አማርኛ እንደ ውሃ ይጠጣል፤ ይህን ግን ከማኪና ገዢ ሰምቶ አያውቅም። ሳቀ። ባሌ አልሳቀም። ሰውዬው የባሌን ፊት ሲያይ የጎረቤቱን ባለሱቅ ለዋስ ጠራና፣ "አቀበት ላይ ትፈላለች። እያሳረፍህ ውሃ ካላጠጣሃት ትቆማለች" አለ።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። "ሰማሽ? ቆላ ላይ ብትቆምብኝስ?"

በሰው ፊት አንቱ ነበር የምለው። ያን ቀን ረሳሁት።

"ብትቆምብህ ጥለሃት ና" አልሁት። "አምና ምነው ቆላ አደርህ? በቅሎዋ አነከሰች ብለህ አይደል? በቅሎ ጥለህ እንደማትመጣ አውቃለሁ። ብረት ግን ትጥላለህ።"

ባለሱቁ መሬት መሬቱን አየ። ባሌ ለጣሊያኑ እጁን ዘረጋለት። "ነውሯን ተቀብያለሁ" አለው።

መንዳቱን እዚያው ጋራዥ ተማረ፤ መንገዱ ሲከፈትም ሥራ ጀመረ። ደኅና ትሄድለት ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ግን ፀሐይ ስትጠልቅ በሰው ካሚዮን ተሳፍሮ፣ አቧራ ለብሶ፣ እኔንም ጣሊያኑንም እየረገመ ከች አለ። ያን ቁጣውን ሳይ ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ። ውሃ አሙቄ እግሩን አጠብሁት እንጂ፣ ማኪናዋ የት ቀረች ብዬ አልጠየቅሁትም።