ከአራተኛው ዘፈን በኋላ

ትናንት የልጅ ልጄ ከመሳቢያዬ አሮጌ ካሴት አውጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማኅደሩን ስከፍተው ያ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ አሁንም አለ። ዘፈን ነው አልኳት። ግማሹ እውነት ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሮም ሰው ቤት እሠራለሁ። አዲስ አበባ የቀረው ታናሽ ወንድሜ ቀበሌ ስለሚፈልገው ከቤት ወጥቶ ተሸሽጎ ነበር። ደብዳቤ ይከፈታል ብለን በዚህች ካሴት እንነጋገራለን፤ መንገደኛ ያመላልስልናል። የአንድ አሜሪካዊ የካንትሪ ዘፋኝ አልበም ናት። ሰውዬው የገጠር ጊታሩን ከጃዙም ከቤተክርስቲያን ኦርጋኑም ጋር አጋብቶታል። ወንድሜ ለዚህ ነበር የሚሞትለት፤ "አንዱን ምረጥ የሚለው የለም" እያለ ይቀናበታል። ድምፃችንን የምንቀዳው ከአራተኛው ዘፈን በኋላ ነው። ፈታሽ እስከዚያ ሰምቶ ይሰለቻል ባይ ነን።

ክፍል የምጋራቸው ትልቅ ሴትዮ አንድ ሐሙስ፣ በዕረፍታችን ቀን፣ ስቀዳ አይተው "አሎራ፣ እንግዲህ ልጄ፣ ጉዳይሽን ብቻ ተናገሪ። ሰላምታ አታብዢ" አሉኝ።

ሰላምታ መዝለል እንደ ስድብ በሚቆጠርበት ቤት ነው ያደግኩት። እሳቸው ሲወጡ እናቴን፣ አክስቴን፣ ጎረቤቱን በየተራ ጠራሁ። መጨረሻ ላይ ወንድሜን ያስጠጉት አሮጊት ትዝ አሉኝ። እሳቸውን እንዴት ልዝለላቸው?

"ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉትን እማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ አንተን ስለደበቁልኝ" አልኩ።

ቅዳሜ ይህንኑ ለሴትዮዋ ስነግራቸው የሚሠሩትን ሹራብ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ካሴቷን ለመንገደኛዋ ሰጠሻት?"

"ጠዋት በረረች።"

ሲመሽም መብራቱን ሳናበራ ተቀመጥን፤ ከተርሚኒ የሚነሳው ባቡር መስኮቱን ያንቀጠቅጠው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ላይ የማላውቀው ሰው ስሜን ጠርቶ ካሴቷን እጄ ላይ አስቀመጠና ሄደ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አራቱ ዘፈኖች እንደነበሩ ናቸው። ቀጥሎ የኔ ድምፅ፣ ያ ሁሉ ሰላምታዬ፣ አንድም ሳይቆረጥ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚጀምርበት ቦታ ሲደርስ ግን የማላውቀው፣ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ መጣ።

"ሰላምታሽ ለሁሉም ደርሷል።"

የወንድሜን ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። የአሮጊቷንም ወሬ ማንም አልነገረኝም፤ ለመጠየቅም ደፍሬ አላውቅም።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ሮም ኖራ ኮራችብን ይሉኛል። ስልክ ስደውል እገሌን ሰላም በሉልኝ አልልማ።