አባባ ቶሎሳ «ምንም አያስቸግረኝም» ያሉኝ ቀን

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነበር። ሥራዬ ነው... ከአምስት ዓመት በፊት ስለ ጤናቸው የጠየቅናቸውን ሰዎች ያንኑ ጥያቄ በድጋሚ እየጠየቅኩ ምን እንደተለወጠ እመዘግባለሁ። «በጣም ያስቸግረኛል» ላለ ሰው ደግሞ በነፃ የሚያስመረምር ወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ።

አባባ ቶሎሳ ቤት ደረስኩ። ያኔ ስመጣ ዙሪያው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ባለ ፎቅ ቪላ ብቻ ነው። ግቢያቸውን እስክለየው ሦስት በር አንኳኩቼ የሰው ውሻ ሁሉ አስጮህኩ።

እሳቸው በረንዳ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ መራመድ ያስቸግርዎታል?»

«ኧረ ምንም!»

«የዕለት ሥራዎን መሥራትስ?»

«ምንም አያስቸግረኝም፣ ተመስገን።»

የድሮውን ቅጽ አገላብጬ አየሁ። ያኔ ለሁለቱም «ትንሽ ያስቸግረኛል» ብለው ነበር። የሰማንያ ዓመት ሰው እንዲህ ተሽሏቸው! ደስ አለኝ... ልማቱ ጉልበትም ያድናል እንዴ ብዬ በሆዴ እየቀለድኩ ምልክት አደረግኩ። የምርመራ ወረቀቱ አላስፈለጋቸውም ማለት ነው።

ልሄድ ስነሳ ኮፍያቸውን አጠለቁ። ሊሸኙኝ ነው።

«ይቀመጡ አባባ፣ በሞቴ!»

«እንግዳ ብቻውን ከግቢዬ አይወጣም፣ ኢንተላ ኮ!» ልጄ ማለታቸው ነው።

በአንድ እጃቸው ወንበሩን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። አንድ እርምጃ... ቆም። ሁለተኛ... ቆም። የብረት በሩ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። አራተኛው ላይ ጉልበታቸው ከዳቸውና ትከሻዬ ላይ ወደቁ።

ባለቤታቸው ከውስጥ እየሮጡ መጡ። «ከፋሲካ ወዲህ ከዚህ በረንዳ ወርደው አያውቁም እኮ!» አሉኝ፣ እንባቸው እየመጣ።

ደነገጥኩ... ትንሽ ተናደድኩም። «አባባ፣ ታዲያ ለምን ምንም አያስቸግረኝም አሉኝ?»

ላባቸውን እየጠረጉ በጥያቄዬ ተገርመው አዩኝ።

«ያኔ እርሻ ነበረኝ፣ ከበሬ ኋላ ስሄድ ጉልበቴ ያስቸግረኝ ነበር። አሁን መሬቱ የለ፣ በሬው የለ... የት ስሄድ ያስቸግረኛል?»

አልዋሹኝም እኮ። ሕመማቸው ብሶ፣ በኔ ቅጽ ላይ ግን ተሽሏቸዋል... ያውም በደስታ ነው ምልክት ያደረግኩት። አንጀቴን በሉት፣ በራሴም አፈርኩ።

«እንደገና ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ... መጀመሪያ ግን አስቀምጪኝ።»

ከባለቤታቸው ጋር ደግፈን አስቀመጥናቸው። «እስከ በሩ መሄድስ ያስቸግርዎታል?» ብላቸው «እሱማ በጣም!» አሉኝ። የቀደመውን ሰርዤ «በጣም ያስቸግረኛል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ወረቀቱንም ጽፌ ለባለቤታቸው ሰጠሁ። ስወጣ አባባ ስላልሸኙኝ ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር።

እና ወዳጆቼ፣ «የሰፈሩ ሰው ጤና ተሻሽሏል» የሚል ሪፖርት ካነበባችሁ... ጠያቂውን እስከ በር የሸኘው ሰው ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ።